ሰፌዱን ከእጅዎ የወሰደው ፍቅር

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 67 ዓመት ነው። አርባ ዓመት ያህል የኖርኩት ሽሮ ሜዳ ሲሆን፣ ልጆቼን ወልጄ ያሳደግኩትም ባለቤቴን የቀበርኩትም እዚያው ሆኜ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ ‹ብቻሽን አትኖሪም› ብሎ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤቱ አመጣኝ፤ እነሆ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጄም ሆነ ምራቴ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ምራቴ ‹እማማ፣ ምን ጎደለዎት?› ሳትለኝ ውላ አታውቅም። ነገር ግን ቀኑ አልገፋ አለኝ። ልጄ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፤ ምራቴ 12 ሰዓት ላይ ትከተለዋለች፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅና የአራት ዓመቱ ወንድሟ በሰርቪስ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እኔ፣ ሠራተኛዋና ቴሌቪዥኑ እንቀራለን። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ መውረድ እፈራለሁ፤ ጎረቤትም አላውቅም። ቀን ሶፋው ላይ አሸልብና ሌሊት ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል።

ባለፈው ምስር ልልቀም ብዬ ሰፌዱን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ሠራተኛዋ መጥታ ‹ኧረ እማማ፣ እኔን ይቆጡኛል› ብላ ከእጄ ወሰደችው። ምራቴም ማታ ሰምታ ‹ለምን ይደክማሉ? ይረፉ እንጂ› አለችኝ። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እኔ ግን መኝታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የባለቤቴ ጡረታ ግማሹ በየወሩ ይደርሰኛል። ልጄን ሳላስቀይም ወደ ድሮ ሰፈሬ ተመልሼ አንድ ክፍል ብከራይ ይሻለኛል? ወይስ ይህ የእርጅና ነገር ነውና ችዬ ልቀመጥ?»

እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

የተከበሩ እናታችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ልከራይ ወይስ ልቀመጥ ወደሚለው ጥያቄዎ እመጣለሁ፤ ነገር ግን በሰፌዱ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ፤ የደብዳቤዎ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና።

ምስር መልቀም ለማያውቀው ሰው የጊዜ ማሳለፊያ ይመስለዋል። ሃምሳ ዓመት የለቀመች ሴት ግን ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስሩን በስሱ ከዘረጋች በኋላ፣ አንዴ አንገዋልላ ገለባውን ወደ ጠርዝ ትሰበስብና በአንድ እፍታ ታባርረዋለች፤ ከዚያ ጣቶቿ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ጠጠርና ምስር በመልክ የሚመሳሰሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዓይን የሳተውን ግን አውራ ጣት በቅዝቃዜውና በጠርዙ ስለሚለየው፣ መነጽሯ ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይበላሽም። ማታ ወጡ ቀርቦ ማንም ጥርሱ ላይ ጠጠር ሳይገጥመው ሲበላ፣ ያቺ ሴት በዚያ ቀን በዚያ ቤት መኖሯ ይታወቃል። እርስዎ መኝታ ቤት ገብተው ያለቀሱት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ እርስዎ ካልሠሩት የሚጎድል ምንም ነገር በቤቱ ውስጥ እንደሌለ በዚያች ቅጽበት ታየዎት። ይህ የእርጅና ጠባይ አይደለም። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ «እረፍ» ቢባል ቀኑ አይገፋለትም፣ ሌሊቱም አይነጋለትም። ስለዚህ «ችዬ ልቀመጥ?» ላሉኝ መልሴ፣ ችለው አይቀመጡ የሚል ነው።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ስለሆነ በድፍረት እናገራለሁ። እናቴ በ70 ዓመቷ ወደ እኔ ቤት ስትመጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሽንኩርት ስትከትፍ አግኝቻት ቢላውን ከእጇ ተቀበልኩና «እስከ ዛሬ የደከምሽው ይበቃሻል» አልኳት። ጎረቤት ሰምቶ አመሰገነኝ፤ እኔም ራሴን እንደ ጥሩ ልጅ ቆጠርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴ ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ትጠይቀኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ። ይህች ሴት በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም እያለች ወሩን በጣቷ የምትቆጥር፣ የዕቁቡን ዕጣም የጎረቤቱን ክርስትናም እሷን ጠይቀን የምናውቅባት ሰው ነበረች። ደንግጬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደም ግፊቷንና ስኳሯን ከለካ በኋላ «ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?» ብሎ እሷን ሲጠይቃት፣ እኔ ፈጥኜ «ምንም አትሠራም፤ አርፋ ነው የምትውለው» ስል መለስኩለት፣ ያውም በኩራት። ሐኪሙ ለጊዜው ዝም ብሎ አየኝና «አንዱ ቀን ከሌላው የሚለይበት ነገር ከሌለ በምን ይቁጠሩት?» አለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከጉሊት አትክልት መግዛትና የቤቱን ቡና መቁላት የእሷ ሥራ ሆነ፤ ማክሰኞን ከረቡዕ የምትለይበት ነገር ስታገኝ ቀኑም ተመለሰላት። ያንን ቢላ ስለወሰድኩባት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምራትዎም ከዓመታት በኋላ እንደኔ እንድትቆጭ አልፈልግም።

ምራትዎን በሌላ ዓይን እንዲያዩልኝም እጠይቅዎታለሁ። በእኛ ዘንድ አማቷን ሥራ የምታሠራ ሴት ስሟ በአንድ ቀን ይጠፋል። እርስዎ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ሲታዩ ከፊት ለፊቱ ብሎክ ያለች አንዲት ሴት «አሮጊቷን ሥራ አስይዛቸው ሄደች» ብትል፣ ወሬው ከዘመድ ጆሮ የሚደርሰው እጥፍ ሆኖ ነው። ምራትዎ ይህን ሳትፈራ አትቀርም። ምጣዱ አጠገብ ኤሌክትሪክ ቢይዝዎት ወይም እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቢወድቁ የሚመጣባትን ወቀሳም ታስባለች። ሠራተኛዋ ደግሞ የራሷ ፍርሃት አላት፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያ ሥራ ነውና አሠሪዋ በድንገት ገብታ እርስዎን ሥራ ላይ ብታገኝ «ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ተቀጠርሽ?» መባሏ አይቀርም። «እኔን ይቆጡኛል» ያለችዎት ከልቧ ነው። የሁለቱንም ፍርሃት ሊያነሣላቸው የሚችለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው፤ እስካሁን ግን እንዳለቀሱ እንኳ አልነገሯቸውም።

ስለ ኪራዩ በግልጽ ልንገርዎት፤ አሁን አይከራዩ። በጡረታ ሕጋችን ለሟች ሚስት የሚከፈለው ባሏ ያገኝ ከነበረው ጡረታ 50 በመቶው ነው። በዚያ ገንዘብ ሽሮ ሜዳ አንድ ክፍል ቢያገኙ እንኳ ለጤፍና ለመድኃኒት የሚተርፍዎት እጅግ ጥቂት ነው፤ የጎደለውን ልጅዎ መሙላቱ ስለማይቀርም ሁለት ቤት ያስተዳድራል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጎ ተከራይን ከድንገተኛ መፈናቀል ይጠብቃል፤ ሌሊት ሕመም ቢነሣብዎ ግን ውሉ ውሃ አያቀብልዎትም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እርስዎ የናፈቁት ሽሮ ሜዳ ባለቤትዎ ያለበት፣ ልጆችዎ ከትምህርት ቤት ተርበው የሚገቡበት፣ ከጎህ እስከ ምሽት የሚፈለጉበት ሽሮ ሜዳ ነው። ተከራይተው የሚገቡበት ክፍል ያንን አይመልስልዎትም፤ እዚያም ቢሆን ሥራ ካልጠበቀዎት የቱሉ ዲምቱ ሶፋ በሽሮ ሜዳ አልጋ ይተካል።

ይህ ማለት ግን የድሮውን ሰፈር ይርሱት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በወር አንድ ጊዜ ቢሄዱ እወዳለሁ። ቱሉ ዲምቱ በከተማችን ደቡብ ጫፍ፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ፣ መንገዱ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ እንኳን ለእርስዎ ለወጣትም ይከብዳል። ስለዚህ የዕድር መዋጮ በሚከፈልበት ሳምንት ቅዳሜ ሄደው ከአንዲት የቀድሞ ጎረቤትዎ ዘንድ ያድሩ፤ እሑድ ቅዳሴዎን አስቀድሰው ከሰዓት በኋላ ልጅዎ መጥቶ ይውሰድዎት። የድሮውን ዕድርዎን በምንም ምክንያት አይልቀቁ። ብዙ እናቶች «ራቀኝ» ብለው አቋርጠው፣ አርባ ዓመት የለቀሱለት ሰፈር የእነሱ ቀን ሲደርስ እንደ ባዕድ ሲሆንባቸው አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ንግግሩ ነው። ለልጅዎ ሳይሆን ለምራትዎ ይንገሯት። ለልጅዎ ቀድመው ከነገሩት፣ እሱ በቅን ልቦና «እናቴን ምን አደረግሻት?» ብሎ ይገባና እርስዎ ሥራ ሲጠይቁ ቤቱ ጠብ ያገኛል። ምራትዎ ድካም በሌለባት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠጥቶ ልጆቹ ሲወጡ፣ ብቻዋን ያስቀምጧትና እንዲህ ይበሏት፦ «ልጄ፣ የምታሳርፊኝ ስለምታከብሪኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ግን ዕረፍቱ በዝቶብኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ያን ዕለት ሰፌዱን ከወሰዱብኝ በኋላ አልቅሼ ነበር። በዚህ ቤት የእኔ የሚባል ሥራ ስጪኝ፤ የማልችለው ሲሆን ራሴ እነግርሻለሁ። ሰው ቢያወራም የምመልስለት እኔ ነኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዋት አደራ እላለሁ፤ ምራትዎን ከሐሜት ፍርሃት የምታወጣት እሷ ናትና። ማልቀስዎንም አይደብቁ። ከዚያ ሠራተኛዋን ጠርተው ምራትዎ ባለችበት ሥራውን ይካፈሉ፤ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ ከአሠሪዋ አፍ ካልሰማች ነገም ሰፌዱን መቀበሏ አይቀርም።

ሥራው ብዙ መሆን የለበትም። እሳት፣ የፈላ ዘይት፣ ከባድ ድስት፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ማንሳት፣ ይህ ሁሉ ከእርስዎ ይራቅ፤ ምራትዎም በዚህ በኩል ልቧ ይረፍ። ሆኖም የእህሉ ለቀማ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሁን። የዓመቱ በርበሬና ሽሮም እንዲሁ። ቤታችሁ ሽሮ ከሱቅ በከረጢት የሚገዛ ከሆነ፣ ይህን ለመለወጥ ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም፤ ኮረሪማው ስንት ፍሬ፣ ጥቁር አዝሙዱ ስንት እፍኝ፣ ኮሰረትና በሶብላው መቼ እንደሚገባ በእጅዎ ያለ እውቀት ነው፣ ምራትዎም ምናልባት ለመጠየቅ አፍራ ይሆናል። በርበሬውን ሠራተኛዋ ታጥበዋለች፣ እርስዎ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየተከተሉ ያገላብጡታል፣ ይቀነጥሱታል፤ ወፍጮ ቤት የሚሸከመው ልጅዎ ነው። የቤቱ ወጥ ዓመቱን ሙሉ የእርስዎን እጅ ሲቀምስ፣ ያኔ በዚያ ቤት እንግዳ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ የሚያደላው ግን ወደ ፈትል ነው። ሽሮ ሜዳ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ሸማኔ ጎረቤት ሳይኖረው፣ የመወርወሪያውንም ድምፅ ሳይሰማ አልኖረምና፣ መፍተል እንደማያቅትዎ እገምታለሁ። ፍሬው ወጥቶለት በደጋን የተነደፈ ባዘቶ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ያስቀምጡ። መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በትከሻዎ በኩል በሚመጣበት ቦታ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዝርቱን ጭንዎ ላይ በመዳፍ ያሹሩት፤ ባዘቶው በግራ እጅዎ ጣቶች መሃል እየሳሳ ሲወጣ፣ ትንሽ ቢወፍር እንደሚጎረብጥ፣ ትንሽ ቢሳሳ እንደሚበጠስ ጣትዎ ከዓይንዎ ቀድሞ ያውቀዋል። ለዚህ ሥራ ጉልበት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው፤ እሱ ደግሞ በዕድሜ የሚጨምር ነው። ልቃቂቱ ዛሬ የእንቁላል ያህል፣ ከነገ ወዲያ የብርቱካን ያህል ይሆንና ትናንት ከዛሬ በዓይን ይለያል። ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር ቢጠቀሙም ለማጉ የእጅ ፈትል እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ። ለአራት ዓመቱ የልጅ ልጅዎ አንድ ጋቢ ይጀምሩለት፤ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ፈትሉ ወራት ይወስድብዎታል፤ እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። የተፈተለውንም በየወሩ ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ ለሸማኔው ያደርሱታል፤ ስለዚህ ወደ ድሮ ሰፈርዎ የሚሄዱት ጉዳይ ኖሮዎት ነው። ከጡረታው ገንዘብ ለጥጡ የሚሆነውን ያስቀሩ፤ ልጅዎ «እኔ እገዛለሁ» ቢልም ይህንን በራስዎ ገንዘብ ይግዙ።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እንዝርቱን ስታይ መጠጋቷ አይቀርም። ክሩን ደጋግማ ትበጥሰዋለች፣ ባዘቶውንም ታባክናለች፤ ይተዉዋት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩን የሚከፍትላቸው ሰው እርስዎ ይሁኑ፤ መክሰሱን ሠራተኛዋ ታቅርብ፣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» የሚለው ግን የእርስዎ ይሁን። መብራት በጠፋበት ምሽት «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስኪሉ ይጠብቁ፤ ትንሹ ልጅ በሁለተኛው ቀን መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደዚህ ዓምድ ከሚጽፉልኝ አያቶች መካከል በእርስዎ ተቃራኒ የሚያለቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሠራተኛ ስትሄድ ሙሉ ቀን ሕፃን ተሸክመው የሚውሉ፣ ወገባቸው የተቆረጠ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቃታቸው እናቶች አሉ። ስለዚህ ከአሁኑ ልኩን ያስታውቁ፤ ከልጆቹ ጋር መጫወት የእርስዎ ነው፤ ማጠብ፣ ማዘል፣ ደረጃ ላይ መሮጥ ግን አይደለም።

ስለ ደረጃው ደግሞ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ባለመውረድ አይድንም፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ። ጡንቻ ካልሠራ በሳምንታት ውስጥ ይሰንፋል፤ ዛሬ የሚከብድዎት ሦስተኛ ፎቅ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ይብስብዎታል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውረዱ፤ ከኋላ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ እንጂ በነጠላ ጫማ አይውረዱ፤ እጅዎ ምንም ሳይሸከም መደገፊያውን ይያዝ፤ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ሠራተኛዋ ከፊትዎ ትቅደም፤ በየፎቁ ቆም ብለው ይተንፍሱ። ፀሐይ እጅዎንና ፊትዎን ሲነካው ሰውነትዎ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ይረዳዋል፤ ቤት ውስጥ በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ይህን አያደርግልዎትም። እንቅልፉም በአብዛኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀን ሁለት ሰዓት ሶፋ ላይ የተኛ ሰው ሌሊት ከየት ያምጣው? ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ይበሉ፣ ከዚያ አይለፉ፤ ቡናውንም ከ9 ሰዓት በኋላ ይተዉት። በዚህ ሁሉ መካከል ምግብ ካልበላልዎት፣ ጠዋት መነሣት ካስጠላዎት፣ ሐዘኑም ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀዎት፣ ጤና ጣቢያ ሄደው በግልጽ ይናገሩ። «እርጅና ነው» ብሎ የሚሸኝዎት ባለሙያ ቢገጥምዎት ሌላ ይፈልጉ፤ የልብ ማዘን በ67 ዓመትም የሚታከም ሕመም ነው።

ጎረቤት አላውቅም ብለዋል። ኮንዶሚኒየም ከሽሮ ሜዳ ግቢ የሚለየው በሩ መዘጋቱ ነው፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። በየብሎኩ እንደ እርስዎ ከሽሮ ሜዳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከመርካቶ ተነቅለው ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ እናቶች መስኮት ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ እርስዎን እንደማያውቁዎት ሁሉ እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም። ምራትዎን ሳያስፈቅዱ ሰው ወደ ቤቷ አይጥሩ፤ ቤቷ ነውና። ግን አንድ ጠዋት ፔርሙስ ቡናና አራት ሲኒ ሠራተኛዋ ይዛልዎ ትውረድና ኮሚናሉ አጠገብ ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ይቀመጡ፤ እንጀራ ለመጋገር የመጣችውን የመጀመሪያዋን ሴት «ነይ ቡና ጠጪ» ይበሏት። በሁለተኛው ሳምንት ፔርሙሱ አይበቃዎትም። የሰፈሩን ዕድር ማን እንደሚሰበስበው ከዚያው ይሰማሉ፤ የመመዝገቢያው ገንዘብ ከዓመት ዓመት ስለሚጨምር አይዘግዩ፤ ከሽሮ ሜዳው ጋር ሁለቱንም መያዝ ይችላሉ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ ከዚህ የሚነሣው የአዳማው ፈጣን መንገድና ብሎኮቹ ሲሠሩ፣ በዙሪያው ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩ ገበሬዎች ነበሩ፣ አሁንም ወጣ ሲሉ አሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሽምብራ እሸት ይዘው መንገድ ዳር ከሚቀመጡት እናቶች ከአንዷ ጋር ደንበኛ ይሁኑ፤ ከእርስዎ ቀድመው በዚያ ምድር ያረጁ ናቸው፣ ነፋሱም ጭቃውም የሚሆነውን ያውቃሉ።

የቀረው ልጅዎ ነው። በንጋት ወጥቶ ማታ ደክሞ የሚገባ ሰው ብር ሰጥቶ፣ መድኃኒት ገዝቶ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ አይፍረዱበት። ምራትዎ ጋር ከተስማሙ በኋላ ከእሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ እሑድ ከምሳ በኋላ እርስዎ ቡናውን ሲቆሉ ስልኩን መኝታ ቤት አስቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ከአጠገብዎ ይቀመጥ። እርስዎ የሚያወሩት ባይኖርዎት እንኳ የጀመሩትን ልቃቂት ያሳዩት፤ አባቱ የለበሰው ጋቢ በማን እጅ እንደተፈተለ ምናልባት እስከ ዛሬ አልጠየቀም ይሆናል።

ይህንን ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዲያደርጉት አልጠብቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ንግግሩንና ሰፌዱን፣ በሁለተኛው ደረጃውን፣ ከዚያ ጥጡን ይያዙ። ሦስት ወር ከሞከሩ በኋላ ቀኑ አሁንም ካልገፋልዎት፣ ወይም ምራትዎ «አይሆንም» ካለች፣ ስለ ሽሮ ሜዳው ክፍል እንደገና ጽፈውልኝ በገንዘቡም በሰፈሩም አብረን እናስላው። እሷም የሚከብዳትን ነገር ልትጽፍልኝ ብትፈልግ ደብዳቤዋን እንደ እርስዎ ደብዳቤ በጥሞና እንደማነበው ይንገሩልኝ።